ስለ አባቷ የተናገረች ዕለት

ከደባርቅ ወዲያ በምትገኝ አንዲት የደጋ ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍላችን የተሰባበሩ ዴስኮች ማከማቻ ስለሆነ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ፊልም ማሳየት ጀመርኩ። ፊልሞቹ ሥራቸው እያለ ስማቸው የተዘነጋ ሳይንቲስቶችን ታሪክ የሚያወሱ ናቸው። መስኮቱን በጆንያ እንጋርዳለን፤ ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ እያስቆምኩ እተረጉምላቸዋለሁ።

የዚያን ዕለት ያሳየኋቸው ፊልም ስለ አንዲት ጥቁር የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነበር። በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ከባልደረቦቿ ጋር እንዳትበላ ተከልክላለች። ዓመታት የለፋችበትን ግኝትም አለቃዋ በራሱ ስም ያሳትመዋል። ለብቻዋ በተቀመጠላት ኩባያ ውሃ ስትጠጣ ሲያዩ ሴቶቹ ልጆች በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ "ምነው ዝም ትላለች?" ብሎ ተቆጣ። ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ፣ "በእናንተስ አገር እንዲህ እያወቀ ስሙ የማይነሣ ሰው አለ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ያን ጥያቄ ባልጠየቅሁ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተጸጸትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እጇን ያወጣችው ከሁሉም ዝምተኛዋ ልጅ ነበረች። ወላጆቿ የሚኖሩት የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ስለሆነ፣ ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ስንቃቸውን ቀላቅለው ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

ተነሥታ፣ "አባቴ" አለች። "ማረሻ ይሠራል። ብረቱ ምን ያህል እንደጋለ ቀለሙን አይቶ ያውቃል። ቲቸር ባለፈው ስለ ሙቀት ያስተማሩንን እሱ ሳይማር ያውቀዋል። አገሩ ሁሉ በእሱ ማረሻ ያርሳል። ግን ቤታችን ገብቶ ውሃ የሚጠጣ የለም።"

በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ "በዓይኑ ሰው ይበላል" እየተባለ ሲፈራና ሲገለል ኖሯል። ከእነዚያ ባለእጆች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ወደ እስራኤል ከሄዱም ቆዩ። ፍርሃቱ ግን አብሯቸው አልሄደም።

"አባትሽ ሳይንቲስት ነው" አልኳትና ክፍሉን እንዲያጨበጭብላት ጠየቅሁ። ያጨበጨቡት ሦስት አራት ቢሆኑ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ለሦስት በሚበቃው ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። በዕረፍት ሰዓት ሁለቱን ጓደኞቿን ጠራኋቸው። አንደኛዋ፣ አርብ ዕለት ስታለቅስ ያየኋት ልጅ፣ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም።

"እኛ ምንም አላልናትም ቲቸር። ግን እናቴ ከእሷ ጋር መብላቴን ብትሰማ ከትምህርት ታስቀረኛለች።"

ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄድኩ። "ፊልም አሳይ አልኩህ እንጂ የሰው ዘር አስቆጥር አልኩህ?" አለኝ። ወላጆችን ሰብስበን እንናገር ስለው ራሱን ነቀነቀ። "ብትናገር ይብስባታል። አሁን ያልሰማውም ይሰማል።" ሳልከራከረው ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ሐሙስ ዕለት አከራይዋ ቤቱን እንድትለቅ እንደነገረቻት ሰማሁ። ቤቱ ስደርስ አባቷ ፍራሿን አህያ ላይ እየጫነ ነበር። እጆቹ የእሳት ጠባሳ የሞላባቸው፣ ቀጭን ሰው ነው። እሷ መጽሐፎቿን አቅፋ አጥሩን ተደግፋለች።

"አያ፣ ልጅዎ ከክፍሏ አንደኛ ናት" አልኩት። "ሌላ ቤት እኔ እፈልግላታለሁ። አይውሰዷት።"

ገመዱን እያጠበቀ፣ "ሸጋ አስበው ነው መምህር፤ አልቀየምዎትም" አለኝ። "እኛ ግን እዚህ የደረስነው ዝም ብለን ነበር።"

ፍራሹ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ደግፌ ያዝኩለት። ከዚያ ሌላ ያደረግሁላቸው ነገር የለም።

በዓመቱ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። አንድ ቅዳሜ ፒያሳ ላይ ከሦስት ሴት ልጆች ጋር ስትሄድ አየኋት። ጓደኞቿን ትታ ፈጥና ወደ እኔ መጣችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። አክስቷ ዘንድ ተጠግታ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቲቸር፣ አባቴ ነጋዴ ነው ብያቸዋለሁ" አለችኝ። "ቢጠይቁዎት..."

ሳትጨርስ ልጆቹ ደረሱ። አንዷ፣ ሳቂታ ነገር፣ እጄን ጨብጣ፣ "አገሯ አስተምረዋታል ማለት ነው? አባቷንም ያውቋቸዋል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "ነጋዴ ናቸው።"