የአራተኛ ክፍል ጽዋ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማይናፍቀኝ ነገር ቢኖር ስብሰባ ነው። ባለፈው ወር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ካስተማርኩበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ደውለው፣ «ለወጣት መምህራን ሥልጠና አዘጋጅተናልና መጥተው ያግዙን» ቢሉኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ሰሌዳው ላይ «ተልእኮን ወደ ክፍል ማስገባት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የምታሠለጥነው ሲስተር እስክሪብቶ የታጨቀበት፣ ዙሪያውን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የወተት ዱቄት ጣሳ ጠረጴዛው መሐል አኖረችና እምነትና ሒሳብ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ማብራራት ጀመረች። እኔ ግን ዓይኔ ጣሳው ላይ ቀረ፤ በዚያ በተወለወለ አዳራሽ ውስጥ የጌሾ ሽታ ሸተተኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት «ምን ያሥቅዎታል እትዬ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከየት ልጀምርለት።

እኔ እምነት ወደ ክፍል እንዴት እንደሚገባ ያወቅሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ገበያ በላይ በነበረች የቆርቆሮ ክዳን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ያወቅሁትም በስሕተት ነው። ሠላሳ አንድ ልጆች ነበርን፤ ሴቶቹ አራት። መቀመጫችን ከባሕር ዛፍ ግንድ የተጠረበ፣ ሰሌዳችን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተወቅጦ የተቀባ ነበር። ዝናብ የመጣ እንደሆነ ጣሪያው ስለሚያደነቁረን አስተማሪው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ብቻ እያየን፣ ሁላችንም የገባን መስለን ራሳችንን እንነቀንቅ ነበር።

አስተማሪያችን ጋሼ ሐጎስ ከሰሜን የመጣ፣ ቀጭን፣ ሱሪውን ከፍራሹ ሥር አስተኝቶ የሚተኩስ፣ በወገዳ ጭቃ ውስጥ ጫማ የሚወለውል ሰው ነበር። ልጅነቱን በካቶሊክ አባቶች ትምህርት ቤት እንዳሳለፈ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የጠየቀው ግን የለም። ረቡዕና ዓርብ በኪራይ ቤቱ በር የሚያልፉ ሴቶች እርምጃቸውን ቀነስ አድርገው፣ የቅቤ ሽታ ይኖር እንደሆነ አየሩን ሳብ ያደርጉ ነበር። ከሽሮ በቀር ምንም ሸትቷቸው አያውቅም። ይኼ ራሱ ጥርጣሬውን አባሰው፤ ሰው እንዲህ የሚጠነቀቀው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ተባለ። ረቡዕ ረቡዕ ግብረ ገብ ሊያስተምሩን የሚመጡት መሪጌታ ጥበቡ፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ሄደው የዜማውን ድጓ ያስመሰከሩ ሊቅ፣ ጋሼ ሐጎስ የተነሣበትን ወንበር በነጠላቸው ጫፍ ሳያራግፉ አይቀመጡም ነበር።

አባቴ ገብስና ስንዴ የሚያርስ፣ ቃሉን የማያጥፍ ገበሬ ነው። እኔን ትምህርት ቤት ያስገባኝ ፈልጎ ሳይሆን እናቴ ክረምቱን ሙሉ ስለነዘነዘችው ነበር። ጥር እንደገባ ሦስት ሽማግሌዎች ከእስቴ በበቅሎ መጥተው ለአንድ ዘመዳቸው ልጅ ጠየቁኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ በወሩ መጨረሻ መልስ እሰጣለሁ ብሎ ሸኛቸውና ለእናቴ ቁርጡን ነገራት። «አስተማሪው ማርያምን የሚወድ ሰው ከሆነ ትማር። ካልሆነ ግን ልጄን ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ።» እኔ ከማጀቱ ሆኜ ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለትምህርቱ ብቻ አልነበረም፤ ባሏን አይታው የማታውቅ የአክስቴ ልጅ በሠርጓ ዕለት እንዴት እንዳለቀሰች አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ሐጎስም የራሱ ጭንቀት ነበረበት። ያሳደጉት አባቶች፣ አስተማሪ እምነቱን በአፉ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ያሳይ ብለው መክረውት ኖሯል። ስለ ሃይማኖት ቢናገር ከተማው ይነሣበታል፤ ዝም ቢል ደግሞ ኅሊናው አያስተኛውም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጣሳ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ከዛሬ ጀምሮ ማኅበርተኞች ነን» አለን። «ጽዋው በየተራ ይዞራል። የደረሰው ልጅ ለተቸገረ ሰው አንድ ደግ ነገር ይሠራል፤ ለአሮጊት ውኃ ይቀዳል፣ የፈረሰ አጥር ያጥራል። ከዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባል።» እጣ ወጣ፤ ለእኔ ደረሰ።

ዛሬ ሳስበው መልካም ሐሳብ ነበር። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ እኛን ሲያስብ እናቶች እንዳሉን ዘነጋ። በእኛ አገር ጽዋ የተረከበ ሰው ለማኅበርተኞቹ ይደግሳል፤ ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ካህን ይጠራል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ስለዚህ «ጽዋ» ካለ በኋላ የተናገረውን ስለ ውኃና ስለ አጥር የሚለውን አንዳችንም አልሰማነውም።

ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ፣ ጨርቁን ሳመችና «የማን ጽዋ ነው?» አለች። ጋሼ ሐጎስ የማን እንደሆነ አልነገረንም። እኔም የአባቴ ቃል ጆሮዬ ላይ ስለነበረ «የማርያም» አልኳት። ማርያምን የሚጠላ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ውሸት አልመሰለኝም። እናቴ በዚያው ቀን ብቅል አወጣች፣ ለሁለተኛው እሑድም ቆረጠች። አባቴ ከአውድማ ሲመለስ ጌሾ ሲወቀጥ ደረሰ፤ ነገሩ ሲነገረው በትሩን አንሥቶ ወደ መሪጌታ ሄደ። መሪጌታም «ይደገስ። አስተማሪውን እዚያው ፊት ለፊት እንጠይቀዋለን» አሉት።

ዓርብ ዕለት ጋሼ ሐጎስ ደጉን ሥራ ጀምሬ እንደሆነ ጠየቀኝ። እናቴ ጀምራዋለች፣ ለሁለተኛው እሑድ ይደርሳል፣ እርስዎም ይምጡ ብላለች አልኩት። ወላጆች ገና በመጀመሪያው ሳምንት መተባበራቸውን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አሳዘነኝ፣ ለምን እንዳሳዘነኝ ግን አላወቅሁም።

በተቆረጠው እሑድ ጋሼ ሐጎስ ውጤት የሚሞላበትን ደብተር በብብቱ ይዞ መጣ። አንዲት አሮጊትና የታጠረ አጥር አገኛለሁ ብሎ ነበር። ያገኘው ዳስ፣ በእድሜ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ሽማግሌዎች፣ ጠላ ሊጠጡ የተሰለፉ ሠላሳ ተማሪዎቹን፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ድግስ ሰምተው የመጡ የእኔ ቢጤዎችን ነው። ደብተሩን ወዲያው ከነጠላው ውስጥ ደበቀው። ከመሪጌታ ጎን አስቀመጡት፤ አባቴ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እኔ ምሰሶውን አቅፌ ቆምኩ።

መሪጌታ ጥበቡ ጣሳውን አንሥተው «እስቲ አስተማሪ፣ አንተ ባርክልን» አሉ። የተሸረበው ነገር ይኼ ነበር። ጋሼ ሐጎስ ተነሥቶ አቡነ ዘበሰማያትን፣ ከዚያም ለእመቤታችን የሚጸለየውን ሰላምታ፣ ሁሉንም በግዕዝ፣ አንድም ሳይደናቀፍ አደረሰው። የእሱ አገር ካቶሊኮችም የሚቀድሱት በግዕዝ መሆኑን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። መሪጌታም፣ ነገሩን ሳይጨርሱ መቅረት ስለማይሆንላቸው፣ «ሃይማኖትህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉት።

መዋሸት ይችል ነበር። በሆዴ ዋሽ፣ ዋሽ እያልኩ ለመንኩት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ «ካቶሊክ ነኝ አባቴ» አለ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ይህን ጊዜ እናቴ ጠላ የሞላውን ዋንጫ ይዛ ገባችና ለጋሼ ሐጎስ አስጨበጠችው። «የማርያም ጽዋ ላይ የመጣ እንግዳ ሳይጠጣ አይጠየቅም። የኔታ፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱና «ይጠጣ እንግዲህ» አሉ። አስከትለውም «ንባቡ ግን ይፈጥናል። ማን ነው እንዲህ አስሩጦ ያስተማረህ?» አሉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በንባብ ይጣሉ ጀመር። እስከ ማታ ተከራከሩ፣ ሦስት ዋንጫም አስደገሙ።

አባቴ ግን ገና አልረካም ነበር። «ለመሆኑ ልጄ በዚህ ጣሳ ምን እንድታደርግ ነው የሰጠኻት?» ብሎ ጠየቀው። ጋሼ ሐጎስ ስለ አሮጊቷ ውኃና ስለ አጥሩ በዝርዝር ነገረው። አባቴ ወደ ጋኖቹ ዞር ብሎ አየ፣ ወደ ዳቦው አየ፣ የዓመት ገብሱ የት እንደገባ ገባው። «ስለዚህ ድግሱ አልተጠየቀም ነበር» አለ በቀስታ። ጋሼ ሐጎስ ከአጥሩ ሥር ጠግበው የሚያወሩትን ነዳያን፣ ከጎኑ ቁጭ ብለው ጠላ የሚጠጡትን መሪጌታ አየ፣ ደብተሩን ከነጠላው ውስጥ አወጣና ከስሜ አጠገብ ባለው መስመር ላይ አንድ ነገር ጻፈ። «ስንት ሰጠኻት?» አለ አባቴ። «አሥር ከአሥር።» አባቴ አሰበና «ለእናቷስ?» አለ። ዳሱ በሣቅ ፈረሰ፤ አባቴም ሣቁን ሊይዝ ቢሞክር አቃተው።

በወሩ መጨረሻ የእስቴ ሽማግሌዎች ለመልሳቸው መጡ። አባቴ ወንበር ሰጥቶ ካስቀመጣቸው በኋላ፣ ልጅቷ ማኅበር ገብታለች፣ የማኅበሩ ዙር ሳይሞላ ከአገር ማውጣት ነውር ነው አላቸው። ዙሩ መቼ ይሞላል ቢሉት ሠላሳ አንድ ናቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ የጨዋ ልጆች ናቸውና ማኅበር አፍርሱ ለማለት አልደፈሩም። በጣታቸው ሲያሰሉ ቆይተው ተሰናብተው ሄዱ፤ ለልጁም በዚያው ዓመት ከጋይንት አጩለት አሉ። አባቴ ይህን መላ ከማን እንዳገኘው ተናግሮ አያውቅም። እኔ ግን በዋዜማው መሪጌታ ቤታችን መጥተው ሲያንሾካሹኩ አይቻለሁ።

ማኅበሩም ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንኳ ሳይቋረጥ ዞረ፤ ማኅበር ክረምት አያውቅም። ጋሼ ሐጎስ በየዳሱ እየተገኘ ደብተሩን ሞላ። በመጨረሻ፣ አምስተኛ ክፍልን ልንጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩን፣ ተራው ለራሱ ደረሰ። ሚስት የለው፣ ጋን የለው። እናቴ ጠመቀችለት፤ ግን በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሜን ወለደችና አራስ ሆነች። አህያችን ደግሞ በዚያ ዳገት ለጠላ አትታመንም። አባቴ ማለዳ ተነሥቶ ጥቂት ከተንጎራደደ በኋላ እንስራውን በመጫኛ አስሮ በጀርባው አዘለና በገበያው መሐል ወደ ወገዳ ወጣ። በዚያ አገር ወንድ እንስራ አይሸከምም። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሣቁ፣ ልጆች ተከተሉን። እኔ ሰው እንዳያውቀኝ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀረሁ።

ጋሼ ሐጎስ በተከታዩ ዓመት ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። መሪጌታም እናቴም አርፈዋል። ከጃንሆይ በኋላ በመጣው ዘመን ማኅበሩም ቀረ፣ ትምህርት ቤቷም ፈርሳ በግንብ ተሠራች አሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስተምሬ የወላጅ ምስጋናም ክስም ተቀብያለሁ። አባቴን ግን ስለዚያ ጠዋት ሳላመሰግነው ሞተ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ ፈለገኝ፤ ሁለቴም ከሰው ኋላ ተደበቅሁ። አሁን ቢሆን ከጎኑ እሄድ ነበር።