ማን ሞቶብሽ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ኤደን መቀስ ይዛ መጣችና «እማ፣ ተቀመጪ እስቲ፤ ጸጉርሽን ልየው» አለችኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ኤደንና የኮሌጅ ጓደኞቿ በሕመም ጸጉራቸው ለረገፈ ሕጻናት ዊግ የሚሠራበት ጸጉር እየሰበሰቡ አዲስ አበባ ይልካሉ። የራሷንም ባለፈው ሳምንት ሰጥታ፣ ራሷን እንደ ወንድ ልጅ አሳጥራ ገብታለች። ሲያምርባት! እኔ ግን አላልኳትም፣ ልጅ ሲያመሰግኑት ይበላሻል ከሚሉት ወገን ነኝ።

«የኔማ ሸብቷል። ሽበት ማን ይፈልጋል?»

«ሽበትም ይሆናል። ብቻ ተጎንጉኖ ነው የሚቆረጠው። ሥሩና ጫፉ ከተቀላቀለ ይተበተባል።»

እጄ ምስሩ ላይ ቆመ። ይቺ ልጅ ከመወለዷ ከብዙ ዓመት በፊት የሥርና የጫፍን ነገር አንድ ልብስ ሰፊ አስተምሮኛል። ኤደን ይሄን አታውቅም። ነግሬያት አላውቅም፤ ምኑ ይነገራል?

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ እዚሁ ሆሳዕና፣ አባቴ ቤት፣ ውጤት እጠብቃለሁ። እናቴ ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው። የአንጋጫ ሰው ነበረች፣ ከምባታ። አባቴ ደግሞ ሀዲያ ነው። እሱ በሀዲይኛ ይቆጣል፣ እሷ በከምባትኛ ትመርቃለች፣ እኔ ለሁለቱም በአማርኛ እመልሳለሁ። እሷ ከሞተች በኋላ ቤታችን አንድ ቋንቋ ጎደለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጸጉሬን የምትሠራበት ሰዓት ነበር። በጉልበቶቿ መሃል ታስቀምጠኝና፣ ቅቤ ቀብታ፣ አበጥራ፣ ሁለት ወፍራም ጉንጉን ትለቅብኛለች። ከተወዛወዝኩ በጉልበቷ ጭምቅ ታደርገኛለች። ጸጉሬ ወገቤ ድረስ ነበር፤ ጉራ አይደለም፣ የሷው ሥራ ነው።

ስትቀበር አላለቀስኩም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ «አማኝ ቤት ሙሾ አይወጣም፣ ጸጉርም አይላጭም» ብሎ ነበር። ትዝ ይለኛል፣ ታናሽ እህቷ አክስቴ ለምለም ከአንጋጫ መጥታ በሩ ላይ አፏን ከፍታ ልትጮህ ስትል፣ ዘማሪዎቹ ቀድመው መዝሙር አነሱባት። የተከፈተ አፏን ቀስ ብላ ገጠመችው። እኔስ? እኔማ ማንም ሳይከለክለኝ ነው ደርቄ የቀረሁት። ጥርስ ሲነቀል መርፌ ወግተውሽ ጉንጭሽ የሰው ጉንጭ እንደሚሆነው፣ እንደዚያ። ጓዳ ያሉት ሴቶች እኔ እንድሰማ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ተባባሉ። እውነታቸውን ይሆናል። እንባዬ ድሮም ቆንቋና ነው።

ከዚያ ወዲህ ጸጉሬን የሚሠራው ሰው አልነበረም። ጠቅልዬ በሻሽ አስረው ነበር፤ እንደ ሸክም ነው የሚከብደኝ።

አጥር የሚያዋስነን ጋሼ ወልዴ የሚባል ጉራጌ ልብስ ሰፊ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጁ ምህረት ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። በዚያ ክረምት ጸጉሯ መጀመሪያ እንደ ሳንቲም እየተገመሰ፣ በኋላ ጠቅላላ ረገፈ። ሐኪሙ «ላሽ ነው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም» ብሏል። ሰፈሩ ግን ቆረቆር ነው ብሎ ፈረደ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከሷ ጋር አታጫውቱ ተባሉ። ትምህርት በተከፈተ ሳምንት ልጆች ሻሿን ከራሷ ላይ ነጥቀው እንደ ኳስ ተቀባበሉባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግቢ አልወጣም አለች። ርዕሰ መምህሩም «ከመስቀል በኋላ ካልመጣች ስሟን እሰርዛለሁ» ብሎ ላከ።

መስቀል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የአባቴን ሱሪ ላስጠብብ ጋሼ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ኮፍያ ላይ ጥቁር የሱፍ ክር እየሰፋ ነው። የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ያለበሰ ሰው የልጁን ራስ ማልበስ አቅቶታል። ምህረት ኮፍያውን አድርጋ መስታወት አየች፣ «አባባ፣ ይሄ የበግ ነው» አለች፣ አውልቃ መልሳ ሰጠችው። አላለቀሰችም። እሷም እንደኔ ደርቃለች።

«ጋሼ ወልዴ፣ የኔን ይቁረጡት» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ? አባትሽ ምን ይሉኛል?»

«ጸጉሩ የኔ ነው።»

ደግነት ነበር ብዬ ብናገር ውሸት ነው። ሰው በዚህ ሲያመሰግነኝ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ልጅቷ አሳዝናኝ ነበር ማለትም አልችልም፤ ምንም አያሳዝነኝም ነበር እኮ። ጸጉሬ ዝም ብሎ ከበደኝ፣ እዚያ ደግሞ የሚፈልገው ሰው ነበር።

የምህረት እናት ጉልበቶቿ መሃል አስቀመጠችኝና ታበጥረኝ ጀመር። ከእናቴ በኋላ ጉልበት ሲይዘኝ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም አልመጣም። ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያሉትን ቁልፎች በቀለም በቀለማቸው እየለየሁ ተቀመጥኩ። ሁለት ጉንጉን ሆኖ ሲያልቅ ጋሼ ወልዴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካኝ፣ ላይና ታቹን በክር አሰረ።

«ሥሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ጫፉ ወደ ታች» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው። በአንድ በኩል ስትዳስሺው ይለሰልሳል፣ ገልብጠሽ ከሰፋሽው ይቆጣል።»

ከዚያ በትልቁ የጨርቅ መቀስ ቀጭ፣ ቀጭ። አለቀ። የቀረው ተንጨባሮ አስቀያሚ ስለነበር ሚስቱ እስከ ሥሩ ከረከመችልኝ። ውጭ የክረምቱ መጨረሻ ዝናብ ይወርዳል፤ «በዚህ ባዶ ራስሽ ብርድ ይገድልሻል» ብላ ነጠላ አለበሰችኝ። ጥቁር ነው፣ የለቅሶ ነጠላዋ። ልብ ያላት የለም፤ እኔም አላልኩም።

ቤቴ አጥር ማዶ ነው፣ ግን የአባቴን ክብሪት ልገዛ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ቀዩን ጭቃ እየዘለልኩ ስሄድ እናቴን ከልጅነቷ የምታውቅ አንዲት የአንጋጫ ቅቤ ነጋዴ አጋጠመችኝ። ባዶ ቅሏን ይዛ ወደ መኪና ተራ ትሮጣለች። አየችኝና ቀጥ አለች።

«ውይ ልጄን! ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ማንም።»

«ማንም?» አለች። ግራ ቀኝ አየች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ እሺ ልጄ። ገባኝ። አልተነገረም ማለት ነው። እኔም አልሰማሁም።»

እኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ቀስ ተብሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ «ማንም» ያለች ልጅ አንድ ሰው ደብቃለች፤ ይሄ ሕጻንም አይጠፋውም። እኔ ደግሞ እውነቴን ነበር የተናገርኩት። ማንም አልሞተ።

በማግስቱ ማለዳ አባቴ ደጃፍ ላይ የመስቀል እንጨት ይፈልጣል። አንድ የእህል መኪና ከአንጋጫ መጥቶ ቆመ፤ ላዩ ላይ ሰው ሞልቷል። አክስቴ ለምለም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ወረደች፣ ደረቷን እየመታች «ወንድሜን! የእህቴን ቤት ምሰሶ!» እያለች ገባች። አባቴ ምሳሩን ጣለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለምለም! ማን ሞተ?»

አክስቴ አፏን እንደከፈተች ቀረች። «አንተ አይደለህ እንዴ የሞትከው!»

«እኔ?»

«ታዲያ ማነው?»

ተያዩ። ከኋላ የመጡት የአንጋጫ ሰዎች ጩኸታቸውን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ሳቅም አልመጣልኝም። ከጓዳ ስወጣ ሁሉም ራሴ ላይ አፈጠጡ።

«ይሄ ራስ ታዲያ ምንድነው?» አለች አክስቴ።

ነገርኳት። ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት አልኩ። ማንም አልሞተም አልኩ። አባቴ ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ራሴን አንዴ አይቶ ዓይኑን መሬት ተከለ። አክስቴ ነጠላዋን ልትፈታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ከዚያ ተወችው።

«አይሆንም» አለች። «ይሄን ሁሉ ሰው አሳፍሬ፣ ነጠላዬን ታጥቄ መጥቼ ሳላለቅስ አልመለስም። አምና አላስለቀሳችሁኝም።» አባቴን ቀና ብላ አየችው። «እህቴን ነው የማለቅሰው።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አባቴ ምሳሩን አንስቶ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ሄደ። አክስቴ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች፣ አምና የዋጠችውን ጩኸት ከእንብርቷ አወጣችው። በከምባትኛ ነው ያለቀሰችው። ያ የጎደለን ቋንቋ ዓመት ሙሉ ከርሞ ግቢያችን ገባ። የመጡት ሁሉ አለቀሱ። ጋሼ ወልዴ እንኳ አጥር ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ከጓሮ የምሳር ድምፅ እጠብቅ ነበር፣ አንድም አልተሰማ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ አባቴ ጉማጅ እንጨት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ባርኔጣው ውስጥ ቀብሮ አየሁት። እንዳላየ ሰው ተመለስኩ።

እኔ አስተናገድኩ። ለመስቀል የተዘጋጀው ቡላና ቅቤ ስለነበር አተካና ተሠራ፤ በዓል ሳይደርስ የበዓል ምግብ ለለቅሶ ቀረበ። ውሃ አስታጥባለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ፣ ቅቤው እንዳይረጋ እሳት እጭራለሁ። አንዲቷ «ይቺ ልጅ ብረት ናት» አለች። ብረት መሆን ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ግን ሳህን ያነሳል።

ከሰዓት በኋላ ምህረት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። አባቷ ሌሊቱን ሲሰፋ አድሮ ጨርሶላታል። ግንባሯ ላይ ገጥሞ፣ ሁለቱ ጉንጉኖች በትከሻዋ ወርደዋል። አክስቴ ጠራቻት፣ አንዱን ጉንጉን በእጇ ይዛ አሸተተችው። ቅቤውን ነው መሰለኝ የፈለገችው። ጣቷን ከሥሩ ወደ ጫፉ አወረደች። ምህረት በፍርሃት ጉንጉኑን በሁለት እጇ ያዘች።

«እትዬ፣ ይወስዱብኛል?»

«ማን ይወስድብሻል?» አለች አክስቴ፤ ድምጿ ከጩኸት ብዛት ሻክሯል። «ያንቺ ነው። ተማሪበት።»

መስቀል አለፈ፣ ሰኞ መጣ። ደጃፋችን ላይ ቆሜ ምህረት ከአባቷ ጋር ስትወጣ አየሁ። መንገዱ ላይ አንድ ጎረምሳ ከኋላዋ ደርሶ ጉንጉኗን ጎተተው። አልወለቀም! ጋሼ ወልዴ ስፌቱን ደርቦ ነበር የሰፋው። «አመመኝ!» ብላ ጮኸችበት፣ ዞራም በደብተሯ መታችው። እንዴት ያለ ውሸታም ናት፤ ምኗን ነው ያመማት? ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

የራሴን ጸጉር ከኋላ አይቼው አላውቅም ነበር። ማን ያያል? በየቅዳሜው ይሄን ታይ የነበረችው እናቴ ብቻ ናት። የሷ ዓይን ያየውን ሳየው ቆየሁ፣ ልጅቷ መንገዱ ዳር ባለው የጥድ አጥር ጥግ እስክትጠፋ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም፤ ወደ ቤት ገብቼ ባቄላ ፈለፈልኩ።

ምህረት ያን ጸጉር ሁለት ዓመት ያህል አደረገችው። በኋላ የራሷ ሳስቶም ቢሆን በቀለ። ዛሬ ዱራሜ ቢሮ ትሠራለች፤ ለመስቀል ትደውልልኛለች፣ ስለ ጸጉር ግን አንስተን አናውቅም። አባቴም አክስቴም አልፈዋል። ለሁለቱም አለቀስኩ፣ እንደ ሰው። አንድ ዕዳ ብቻ ነው የቀረብኝ። ሰው ሐዘኑን በጊዜው ካላወጣው የሚጠፋ ይመስለዋል፤ የትም አይሄድም፣ ጓዳ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ምስሩን አስቀመጥኩና «ጎንጉኚው» አልኳት ኤደንን። አንድ ቀጭን፣ ግራጫ ጉንጉን ወጣኝ። ቆረጠችው። «ከሥሩ ከርክሚልኝ» አልኳት።

«እማ፣ እሱማ ይበዛል!»

«ከርክሚ ብያለሁ።»

ራሴን ሳልሸፍን ቆሻሻ ልደፋ በር ላይ ወጣሁ። ጎረቤቴ እትዬ አማረች ጎመን ገዝታ ከባጃጅ እየወረደች ነው። አየችኝና ዘምቢሏን ደረቷ ላይ ያዘች።

«ውይ በሞትኩት! ማን ሞቶብሽ ነው?»

ኤደን ከውስጥ እየሳቀች «ኧረ ማንም—» ስትል ቀደምኳት።

«እናቴ።»

«እናትሽ? መቼ?»

«ቆየች። ሠላሳ ዓመት ሆናት።»

እትዬ አማረች ዓይኔን አየችው። ቀልድ ፈለገችበት፤ አልነበረም። ዘምቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና እጄን ያዘች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩና፣ እንድትቀመጥ በሩን ከፈትኩላት።