ሐኪሙ የቀመሰው መርፌ

ትናንት ልጄን ላስከትብ ሄጄ፣ ነርሷ አልኮል በነከረችው ጥጥ ክንዷን ስትጠርግላት፣ ያ ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ ሰንጥቆ የሚገባ ሽታ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ የተወለድኩባት ኮሶዬ አደረሰኝ። ልጄን ከሚገባው በላይ አጥብቄ ያዝኳት።

ያን ጊዜ የወተት ጥርሴ ገና እየወለቀ ነበር። ቤታችን ከደባርቅ መንገድ ሽቅብ፣ ጉም እስከ ቀትር የማይለቀው ተረተር ላይ ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዱ የእርሻ በሬያችን ሳይታመም ወድቆ ሞተ። አባቴ ቆዳው እንኳ ይትረፍ ብሎ ገፈፈው፣ እናቴም ሲወጥር አብራው ስትይዝለት ዋለች። ብዙም ሳይቆይ ጉንጯ ላይ የትንኝ ንክሻ የምታህል ቀይ ነገር ወጣች፤ መሐሏ ጠቆረ፣ ዙሪያዋ አበጠ፣ እብጠቱም ሽቅብ እየወጣ አንድ ዓይኗን ዘጋው። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው ሌላው ዓይኗ መከፈቱን ነበር።

የሰፈሩ ሰው በሽታውን ወዲያው አወቀው፤ አባ ሰንጋ ነው፣ ከከብት የሚመጣ። ሁሉም ደግሞ አባ ሰንጋ መርፌ እንደማይወድ፣ የተወጋ ሰው ውሎ እንደማያድር ያውቅ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ እናቴን እንደ እህቷ የምትወድ ደግ ሴት ናት፤ ቅጠል ጨቅጭቃ እያመጣች ጉንጯ ላይ ትለጥፍላታለች። ሐኪም ሲነሳ ግን ፊቷ ይጠቁራል። «የነሞላ አባት ነፍስ እያለው አልነበር ጎንደር ሆስፒታል የወረደው? ወጉትና ሬሳውን ላኩልን» ትላለች። ዛሬ ሳስበው፣ ያኔ ወደ ሐኪም የሚወሰደው ሰው ጠበሉም ቅጠሉም አልሆን ብሎት፣ ንስሐ ገብቶ፣ መቃብሩ ብቻ ሲቀረው ነበርና ሆስፒታሉ የገዳይ ስም ቢወጣለት አይገርምም።

እብጠቱ አንገቷ ደርሶ ውሃ መዋጥ ሲያቅታት አባቴ ቃሬዛ ማሰር ጀመረ። ጎረምሶች ተሸክመው ወደ መኪናው መንገድ አወረዷት፤ እህል በጫነች መኪና፣ በጆንያዎች መሐል ተኝታ ጎንደር ገባን። እኔንም የወሰዱኝ ቀሚሷን አልለቅም ስላልኩ ነው።

ሐኪሙ ረጅም ፈረንጅ ነበር። ከአማርኛ የሚያውቀው «አመመህ?» የምትለዋን ብቻ ስለነበረ ለወንዱም ለሴቱም፣ ለሚስቀውም ለሚያለቅሰውም እሷኑ ይላል። የቀረውን የሚተረጉምለት ቀልደኛ የጎንደር ሰው፣ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ነው። ሐኪሙ የእናቴን ጉንጭ እንዳየ ፊቱ ተለወጠና ወዲያው መርፌ ሞላ። አባቴ መሐል ገብቶ ቆመ።

«ይቅመሰው» አለ።

ሲመዘግበን የአባቴን ስም የያዘው ድሬሰር ሳቀ። «አያ ታከለ፣ መርፌ እኮ ጠላ አይደለም።»

«ጠላም ቢሆን ያልተቀመሰ አይጠጣም። ምነው፣ ከተማ ሳትቀምሱ ነው የምታቀርቡ?»

«እሺ፣ መርፌ በምን ይቀመሳል?»

«በክንዱ።»

በእኛ አገር ጠላም ሆነ ጠጅ ያቀረበ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ክፉ ነገር ካለበት እኔን ያስቀድመኝ ማለት ነው። አባቴ ሐኪሙን ሊሰድብ አልነበረም፤ የቤት ወጉን ነው የጠየቀው። ድሬሰሩ መሳቁን ትቶ፣ እያፈረም ቢሆን፣ ነገሩን ለፈረንጁ አስረዳው። ፈረንጁ አባቴን አየ፣ እናቴን አየ። የእናቴ ትንፋሽ እንደ ወናፍ ያፏጫል። እኔ በልቤ ቶሎ ቅመስ፣ ቶሎ ቅመስ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ እሱ ቀምሶ ከወደቀ ማን ያድናታል ብዬ እፈራለሁ።

ሐኪሙ እጅጌውን ሰበሰበ። ሌላ መርፌ አንስቶ ከዚያችው ጠርሙስ ጥቂት ሳበና የገዛ ክንዱን ወጋ። አባቴ ፊቱን አየው፤ ከዚያ ሰው መውደቅ የሚጀምረው ከታች ነው የሚል ይመስል ጎንበስ ብሎ እግሩን ተመለከተ። ሐኪሙ እንደ ቆመ ነው።

«ሸጋ» አለ አባቴ፣ ወደ እናቴ ዞሮ። «በይ፣ ተወጊ።»

እናቴ ዳነች። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፣ ዓይኗ ተከፈተ፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳው ብቻ ቀረ። አባቴ ይህን ታሪክ በየማኅበሩ ሲያወራው መርፌው እያደገ፣ እያደገ፣ በመጨረሻ ማረሻ አከለ። ሰዉ ግን ሰማው። ንስሐ ሳይገቡ፣ በእግራቸው፣ ገና ሳል ሲጀምራቸው ወደ ጎንደር የሚወርዱ መጡ። እትዬ ጥሩነሽ እንኳ፣ እያጉረመረመችም ቢሆን፣ የልጅ ልጇን አዝላ ወረደች።

እኔ ለባል ተሰጥቼ ከተማ ከገባሁ በኋላ አባቴን ጎኑን ወጋውና ጎንደር ሆስፒታል ወሰድነው። ያ ፈረንጅ ወደ አገሩ ገብቷል፤ ድሬሰሩም ተዛውሯል። አዲሱ ሐኪም የእኛው ሰው፣ አማርኛው የጠራ ወጣት ነው፤ የሚጠብቀው በሽተኛ ከክፍሉ ደጅ እስከ አጥሩ በር ተሰልፏል። መርፌ ሲታዘዝለት አባቴ እንደ ወጉ «ይቀመስልኝ» አለ።

«አባቴ፣ ለዚህ ጊዜ የለኝም። ካልፈለጉ ሌላ ሰው ይግባ» አለና ሐኪሙ ወደሚቀጥለው ዞረ። ክፉ ቃል አልወጣውም። ታሪኩን ልነግረው ፈለግሁ፤ ከየት ይጀመራል?

አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። «ያልቀመሰውን ተቀበል አትበሉኝ። መልሱኝ» አለ። መለስነው፤ ሳይሰነብት ቀበርነው።

በለቅሶው ዳስ ውስጥ እትዬ ጥሩነሽ ደረቷን እየደቃች፣ ከልቧ እያለቀሰች፣ «ሐኪም ቤት ወስደው አስገደሉት» ስትል ሰማሁ። እናቴ ጠባሳዋን ወደ ሴቶቹ አዞረች።

«አልወጉትም እኮ» አለች። መልሳ ደገመችው፤ «አልወጉትም።»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁላት፣ ሐዘንተኛን እሺ እንደሚሉት ነው እንጂ አላመኗትም። አባቴ በየማኅበሩ ለዓመታት ያወራው ሁሉ እዚያ ዳስ ውስጥ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ለተዝካርም ለበዓልም ኮሶዬ እሄዳለሁ፤ ቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ ሲወርድ አንድም ቀን አላየሁም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ አያለሁ።