ግልገሎቹና ጭሱ

ያለምወርቅ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ጎጆ በሙሽርነት ከገባች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አሥሩን በሳል ነው ያሳለፈችው። እርጥብ እንጨት ሲጨስ ደረቷ ይታፈናል፤ ጎንበስ ብላ ትስላለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ወጧን ታማስላለች። ባሏ ዓለምነው ሳሏን ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ለምዶታል።

በዚያ ክረምት ሦስት የፍየል ግልገሎች ተወለዱ። ብርድ እንዳይመታቸው ተብሎ ምድጃው አጠገብ ታሰሩ። ሳምንት ሳይሞላቸው ንፍጣቸው ይዝረበረብ፣ ጎናቸው እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር፤ ጡትም አንይዝ አሉ። ያለምወርቅ ወተት በጣቷ እያላሰች፣ አፍንጫቸውን በጨርቅ እየጠረገች ወገቧ ተቆረጠ። ዓለምነው ደግሞ አንዷ ግልገል በሳለች ቁጥር ከመደቡ ብድግ ይላል። በሦስተኛው ቀን ዳንግላ ድረስ በእግሩ ሄዶ የከብት ሐኪም አማክሮ በማግስቱ ተመለሰ።

«የጎዳቸው ጭሱ ነው አሉ! ደረቅና ነፋሻ ቦታ ይሁኑ ብለዋል» አለ። በአንድ ቀን ቀርከሃ ፈልጦ ከቤቱ ጎን ማደሪያ ሠራላቸው፤ ገለባም ጎዘጎዘላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ግልገሎቹ ይፈነጩ ጀመር።

«አየሽ? ሳል የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ጠፋ!» አለ ደስ ብሎት።

ያለምወርቅ እፍ ትለው የነበረውን እሳት ተወችው። ልትቆጣ አሰበችና ደከማት። ሳሏ እስኪያልፍላት ጠብቃ የምትተኛበትን ቁርበት ጠቅልላ ተነሣች።

«ወዴት ነው? ምሳውስ?»

«ሐኪሙ ወዳዘዘው» አለችና ከግልገሎቹ መሃል ገለባው ላይ ጋደም አለች።