የጋሽ አይጣልም መለየት

ሰፈሩ «ጋሽ አይጣልም» ይላቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ዝገት የበላው ማጠፊያ ይሁን እጀታ የሌለው መጥበሻ፣ ገና ሲያዩት «አይጣልም!» ነው መልሳቸው። አንድ ጎረቤት «አማቴስ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ አሰብ አድርገው «መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጣትና እንነጋገራለን» አሉት ይባላል።

በጉብዝናቸው ወራት ሀብታቸው አንድ የእጅ ጋሪና አንድ ጉሮሮ ነበር። «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ በየበሩ ይዞራሉ፤ አሮጌ ተቀብለው አዲስ ዕቃ ይሰጣሉ። አንድ ቀን አንዲት ኮረዳ የተሰነጠቀ ባልዲ ይዛ ወጣችና በድስት ለውጥልኝ አለች። ከምላሷ ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ገብቷቸው ድስቱን ሰጡ፤ ክዳኑን ግን ነገ አመጣለሁ ብለው አስቀሩ። በማግስቱ ያመጡት ክዳን ጠበበ። የቀጣዩ ደግሞ ሰፋ።

«ሰውዬ» አለቻቸው፣ «የሚገጥመውን ክዳን ታውቀዋለህ፤ ያንተ ችግር ሌላ ነው።»

ጋሽ አይጣልም ግጣማቸውን ያገኙት እንዲህ ነው። ሙሽራዋ እንደገባች ግቢው ውስጥ የተከመረውን ኮተት አይታ እጅጌዋን ሰበሰበች። መዳቡን ለብቻ፣ ቆርቆሮውን ለብቻ፣ ካርቶኑን ለብቻ አስለየች። «ካልተለየ ቆሻሻ፣ ከተለየ ሲሳይ» የምትለዋ የቤተሰቡ መመሪያ የእሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ የሚበዛው ቃል «መለየት» ሆነ። ልጆቹ አፋቸውን የፈቱት በሱ ነው። ከነበረበት ተነስቶ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ነገር ሁሉ፣ የታጠበ ሳህንም ቢሆን፣ «ተለይቷል» ይባላል።

ጋሪው መኪና ወለደ፤ ግቢው ሰፋና ቤተሰቡ መኖሪያውን ወደ ሌላ ቤት አዛወረ፤ ካርቶን የሚጨምቅ ማሽን ገባ። ትልቋ ልጅ ሥራ አስኪያጅ ሆነች። የአባቷ ጉልበት እምቢ ማለት ሲጀምር ከወንድሞቿ ጋር መከረችና አንድ ለስላሳ ወንበር ገዝታ ቤት አስገባች። «አባዬ፣ ደክመሃል። ከእንግዲህ አርፈህ ተቀመጥ» አለች። «አርፈህ ተቀመጥ» ለሕፃን ሲባል ቁጣ፣ ለሽማግሌ ሲባል ፍቅር የሚሆነው በምን ሒሳብ እንደሆነ እኔ እንጃ። ጋሽ አይጣልምም አልገባቸውም፤ ግን ተቀመጡ። ወንበሩ ለጀርባ ይመቻል። ልባቸው ግን ግቢው ውስጥ ቀርቷል። አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ናስ ነው መዳብ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ምንኛ በወደዱ! መልሱኝ ብለው እንዳይለምኑ ኩራታቸው ያዛቸው። ልጅቷም ምሳ በሰው ከመላክ በቀር ብቅ አላለችም፤ ሥራው ፋታ አይሰጥማ።

በዚህ መሃል የድሮ ደንበኛቸው ቀጥቃጩ ብረት ሊገዛ ግቢው ሄደ። ሚዛን ላይ የቆመው የልጃቸው ባል ነበር።

«ጋሽ አይጣልም የት አሉ?»

«ተለይተዋል» አለ አማችየው፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ።

«ምን? መቼ?»

«ሰኞ።»

«ታዲያ ለኛ አይነገርም?»

«የቤተሰብ ነገር ነው ብለን ነው። ለሳቸውም ይሻላል፤ አርፈዋል።»

ቀጥቃጩ ብረቱን እዚያው ጥሎ፣ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ የጋሽ አይጣልም በር ተንኳኳ። ራሳቸው ከፈቱ። ደጁ በጥቁር ልብስ ተሞልቷል፤ ከፊት ቀጥቃጩ አንገቱን ደፍቶ «ያጽናችሁ» አለ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ። ሚስታቸው ገበያ ወጥታ ነበርና ልባቸው ወደሷ ሮጠ።

ቀጥቃጩ ቀና አለ።

«እርስዎ» አለ።

ጋሽ አይጣልም መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው ነገሩ ከየት እንደመጣ ገባቸውና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ግቡ እንጂ! ያመጣችሁትን እንባማ ይዛችሁ አትመለሱም። አይጣልም!»

ለስላሳው ወንበር ላይ ተሰይመው ሁሉም ሊል የመጣውን እንዲል አስገደዱ። ቀጥቃጩ ዛሬም ብረት አስደግፎ የሚቀጠቅጥበትን መስፍ እሳቸው ከክምሩ መርጠው እንደሰጡት ተናገረ። አንዲት ጠርሙስ ነጋዴ ከእሳቸው ሌላ በዱቤ ያመናት እንደሌለ ስትናገር፣ ሰውየው ፊቷ በሕይወት መቀመጣቸውን ረስታ የምር አለቀሰች።

«ኧረ አንዳችሁ እንኳ እሙኝ!» አሉ። «እንዲህ ደግ ሆኜ አላውቅም!»

ቤቱ በሳቅ ሲናጋ ትልቋ ልጅ እየሮጠች ደረሰች። የሆነ ሰው ስልክ ደውሎ አጽናንቷት ነበር። አባቷን ስታይ ግድግዳውን ተደገፈች። እንግዶቹ ነገሩን አይተው አንድ በአንድ ወጡ።

«አባዬ፣ ይቅርታ። ያ ባሌ አፉ...»

«ተይው፤ እሱስ ደግ ሠራ። ተቀመጠ ሲባል በሬን ያንኳኳ የለም። ሞተ ሲባል ቤቱ ሞላ።» የወንበሩን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ። «አንቺም እኮ ልጄ፣ መምጣትሽ ዛሬ ገና ነው።»

ልጅቷ እንባዋን በሥራ ጓንቷ ጠረገችው፤ ፊቷ በዝገት ተቀባ።

«ነገ ጠዋት መጥቼ ወደ ግቢው ልውሰድህ?» አለች።

«የምን ነገ?» አሉ ጋሽ አይጣልም፣ በእግራቸው ከወንበሩ ሥር ጫማቸውን እየፈለጉ። «ገና መች መሸ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጫማቸውን ታስርላቸው ጀመር።