እናቴ ሞተር መንዳት እንደ አዲስ የተማረችበት በጋ

የቤንዚን ሽታ ከእርጥብ የዝናብ ልብስ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ደባርቅ ያለው የልጅነት ቤታችን በረንዳ ይታየኛል። እናቴ የእንስሳት ሐኪም ነበረች፤ መሥሪያ ቤቷ በሰጣት ሞተር ገጠሩን እየዞረች ከብት ስታክም ውላ ማታ ስትመለስ፣ ሞተሩን በረንዳው ላይ አቁማ፣ ጭቃዋን አራግፋ፣ ከዚያ ነበር እኛን የምትስመን። መንዳት ያስተማራት አንድ የሥራ ባልደረባዋ ነው፣ ያውም በአንድ ከሰዓት በኋላ፤ ማርሽ አስገብታ ወደፊት መሄድ ስትችል በቃ ብለው ተለያዩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መምህር የነበረው አባቴ፣ አዲ አርቃይ ያለ የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ ፈልጎ ከኋላዋ ተፈናጠጠ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲወርዱ አንዱ ኩርባ ላይ ወደቁ። የወደቁት በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል ስለነበር እናቴ ክንዷ ተላልጦ ተረፈች፣ አባቴ ግን እግሩ ተሰበረ።

መስቀል በኩርፊያ አለፈ። አባቴ እግሩ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ እንደተቀመጠ «ሞተሩን መልሺላቸው» ይላት ነበር፤ እሷም «አንተ ባትወራጭ ኖሮ አንወድቅም ነበር» ትለው ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ማን እንዳጠፋ ስለማናውቅ፣ ሁለቱንም እየፈራን ዝም ብለን እራታችንን እንበላ ነበር።

የገብሱ አጨዳ ሲጀመር መሥሪያ ቤቷ ለሞተረኞቹ ሥልጠና አዘጋጀ። «ዓመት ሙሉ ስነዳ ለኖርኩት ምን ሊያስተምሩኝ ነው?» ብላ ብታኮርፍም ግዴታ ስለነበር ሄደች። ሥልጠናው ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ነበርና ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆመን እናያት ነበር፤ ከጎንደር የመጡት አሠልጣኝ በተደረደሩ ድንጋዮች መካከል ቀስ ብላ እንድትዞር፣ የፊትና የኋላውን ፍሬን አንድ ላይ፣ ሳትደነግጥ እንድትይዝ ደጋግመው ያሠሯት ነበር። «ዓይንዎን ከድንጋዩ ያንሱ፤ ሞተር ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው!» ሲሏት ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ሄልሜቷን እንኳ ሳታወልቅ ገብታ አባቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ብቻ ጨመደድኩት፤ መጀመሪያ ያንሸራተተን እሱ ነው። አንተም ሞተሩ ሲያጋድል ፈርተህ ወደ ሌላው በኩል አጋደልክ። ላንተም የነገረህ የለም፣ ለእኔም የነገረኝ አልነበረም» አለችው።

አባቴም «ታዲያ እንዴት ነበር መቀመጥ የነበረብኝ?» አላት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አባቴ በከዘራ መራመድ ሲጀምር፣ ያልተነሳ ሞተር ላይ አስቀምጣ አሳየችው። «ወገቤን ያዝ፣ እኔ ወዳጋደልኩበት አጋድል፣ እግርህን አታውርድ» ትለው ነበር፤ እሱም ተማሪዎቹን እንደሚያዘው ሳይሆን እንደ ተማሪ ይታዘዛት ነበር። በልግ ሳይገባ ሁለቱም ሄልሜት አድርገው ዳባት ደርሰው ተመለሱ። አባቴ ከሞተሩ ሲወርድ ይስቅ ነበር፤ እራት ላይም ከብዙ ጊዜ በኋላ ወሬ ተወራ።

ያኔ ሞተር ሲያልፍ ሕፃን አዋቂው ከየቤቱ ወጥቶ ያይ ነበር፤ ዛሬ ደባርቅ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያይም የለም። ወጣቱ ግን ዛሬም የሚማረው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጓደኛው ነው። ባለፈው ዓመት እኔም ለሥራዬ ሞተር ሲሰጠኝ መጀመሪያ ልሠልጥን ብዬ ስመዘገብ፣ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። አባቴ አልሳቀም፤ በየቀኑ እያነከሰ መጥቶ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ዞሬ እስክጨርስ ያየኝ ነበር።