የባልቴቷ ታኮ

ነቀምቴ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ወሬዬን ለሁለት አካፍሎ ነው የሚሰማኝ። ልክ ነው፤ አንዳንዱን ለአራት ቢያካፍሉትም አልቀየምም። ስለዚህ የአጎቴ የጭነት መኪና ወደ አያና ከተማ የሚያስገባውን ቁልቁለት ስትወርድ ጩኸቷ ሱዳን ድረስ ይሰማ ነበር ብል እንደለመዳችሁት አካፍሉት። መጨረሻ ላይ የማወራውን ግን እንዳለ ውሰዱልኝ። እኔም ላካፍለው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ባልቴቷ ነበር የምንላት። አፍንጫዋ ረጅም፣ ጋቢናዋ እንጨት፣ መስኮቷ በልመና የሚወርድ። መንዳት የተማርኩት በእሷ ላይ ነው፤ መሪዋን አንዴ ለማዞር ቁርስ በልቶ መምጣት ያስፈልግ ነበር። ስትታመም መድኃኒቷ ሳሙና፣ ሽቦና ስድብ ነው። የናፍጣ ታንከሯ ሲያፈስ ሳሙና እንለጥፍበታለን፤ የተፈታውን በሽቦ እናስራለን፤ ሁለቱም እምቢ ሲሉ አጎቴ ከአባቱ አገር ከጎጃም ያመጣውን ስድብ ያወርድባታል። አፍራ ትሠራለች።

ዛሬ የሰው አዲስ መኪና ነው የምነዳው። ባለፈው ክረምት ጉቶ ጊዳ ውስጥ በቆሎ ጭኜ አንዲት ቢጫ መብራት በራችና መኪናው ቀጥ አለ። ኮምፒዩተሩን አንጠልጥሎ ባለሙያ እስኪመጣ ሁለት ቀን በዝናብ ተቀመጥኩ። መኪናው ላይ ሰክቶ አነበበው።

«ምን ሆንኩ ይላል?» አልኩት።

«በሬ ክፍት ነው ይላል።»

«ዝግ ነው እኮ! ይኸው!»

«እሱ አላመነም» አለኝ።

የባልቴቷ ቀኝ በር ለዓመታት በገመድ ታስሮ ነው የኖረው። አንድ ቀን እንኳ ጥያቄ አንስታ አታውቅም።

ትልቁ አመሏ ባትሪ መናቋ ነበር። አንዱ ሲሞትባት አጎቴ «ቁልቁለት በነጻ እያለ?» ብሎ ሌላ ሳይገዛላት ቀረ። እውነትም ወለጋ ሌላ ሌላው ቢጎድላት ቁልቁለት አይጎድላትም። በየከተማው የታወቀ ማደሪያ ነበራት፤ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ። ከጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ ይደረግላታል፤ ታኮ እንለዋለን። ጠዋት ታኮው ይነሳል፣ ቀስ ብላ ትንሸራተታለች፣ ሾፌሩ ማርሽ ያስገባና የረገጠውን ፍሪሲዮን ይለቀዋል። አንዴ ታስላለች፣ ሁለቴ ታስላለች፣ ከዚያ ከተማው በጥቁር ጭስ ይጠመቃል። ማጥፊያዋ ከመሪው ሥር የሚሳብ ሽቦ ነው። ሜዳ ላይ የሳበው ሾፌር ግን ወየውለት። ሜዳ ላይ የጠፋች ባልቴት መኪና አይደለችም፤ ቤት ናት።

ሾፌሯ የኪራሙ ወረዳ ልጅ ነበር። ወላጆቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እሱ አያና ላይ የኦሮሞ ልጅ አገባና ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሜዳው በሚጀምርበት ቦታ ቤት ሠራ። ሚስቱ ሰዓት አያስፈልጋትም ነበር። ባልቴቷ ከላይ ማርሽ ቀንሳ ማጓራት ስትጀምር ድስቷን ትጥዳለች፤ ጎማው ደጇ ሲደርስ ወጡ ይወጣል። አንድ ጊዜ እሱ ነቀምቴ አሞት ቀርቶ በእሱ ቦታ እኔ ነድቼ ወረድኩ። ወጥታ ሽቅብ አየችኝና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እኔ የጣድኩት ለመኪናዋ ነው፤ አንተን ማን ጠራህ?» አለችኝ። ያም ሆኖ አበላችኝ። ሦስት ሰው የሚያጠግብ ነበር፤ ለብቻዬ ጨረስኩት። ይህን አታካፍሉት፤ እውነት ነው።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። በእሱ ላይ አልቀልድም። ግጭቱ አያና ሲደርስ አጎቴ በለበሰው ልብስ ሸሽቶ ነቀምቴ ገባ። ሾፌሩ ባልቴቷን ቁልቁለቱ አናት ካለው ወፍጮ ቤት ደጅ አቁሞ፣ ታኮዋን አድርጎ፣ «እናቴን ላምጣ» ብሎ በእግሩ ወደ ኪራሙ ወጣ። እናቱ በሌላ በኩል አምልጣ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። ሞተ የሚል የለም፤ አየሁት የሚልም የለም።

አጎቴ ነቀምቴ መናኸሪያ ጀርባ በተከራየው ክፍል ውስጥ አረጀ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ ያዳምጣል። «ሳልሞት ላስነሳትና እዚህ ደጄ አምጥቼ ላቁማት» ይለኛል። ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ናፍጣ በጄሪካን፣ ዘይትና መፍቻ ይዘን በሚኒባስ ሄድን።

«ጋሼ፣ ባትሪ እንያዝ» አልኩት።

«አንተ ቀጣፊ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያልጠየቀችህን ዛሬ በእርጅናዋ ልታስለምዳት ነው?»

አያና ስንገባ ብዙ በሮች በጠራራ ፀሐይ ዝግ ነበሩ፤ ደጃፋቸው ላይ ሣር በቅሏል። የድሮ ሰው ሰላም ልል አንገቴን ወደ አንዱ በር አዙሬ በባዶ ቤት ፊት እጄን አንስቻለሁ። ባልቴቷ ግን ነበረች! ጎማዎቿ ተኝተው፣ ጣሪያዋ ላይ አረም በቅሎ፣ ታኮዋ እንደተደረገላት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዱቄት እንደለበሰ ወጥቶ አጎቴን አቀፈው፤ ሁለቱም ነጭ ሆኑ።

«በጋ ነጋን ዱፍተን፣ ኦቦ! እንኳን በደህና መጣችሁ!»

«ብረት ነጋዴዎቹ እንዴት ሳይቆራርጧት ቀሩ?» አለ አጎቴ።

«ሊቆራርጧት መጥተው ነበር። ጋኔን አለባት፣ ጨለማ ሲሆን ያለ ሰው ታጓራለች ብዬ አስወራሁ። ቅርብ የሚደርስ ጠፋ።»

እንዲህ ያለ የጠራ ውሸት ሰምቼ አላውቅም፤ በሙያዬ ቀናሁ። «አንተ ደግሞ ከእኔ ባስክ!» ስለው ሳይስቅ ቀረ።

«ችግሩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኋላ ላይ እኔም መስማት ጀመርኩ።»

አጎቴ የሾፌሩን ሚስት ጠየቀ። ቤቷን ዘግታ ገጠር ወላጆቿ ዘንድ ከገባች ቆይታለች አለን። አጎቴ እጅጌውን ሰበሰበ።

ጎማዎቹን ጎሚስታ ጠርተን አስነፋን። የቆየውን ናፍጣ አውጥተን አዲሱን ጨመርን፤ ከመስመሩ አየሩን አስወጣን። ከአየር ማጣሪያዋ የአይጥ ጎጆ ወጣ፤ አይጧ የቤት ኪራይ ልትጠይቀን ምንም አልቀራት። የሾፌሩ ባርኔጣ ከመሪው በላይ ባለው ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነበር። አጎቴ አየው፤ አላነሳውም። እኔም አልነካሁትም። ቢሆንም መሪው ላይ ስቀመጥ ወንበሩ የእሱን ቁመና ይዞ ስለነበር ራሴን በእሱ ጉድጓድ ውስጥ አገኘሁት።

«ታኮ!» ብሎ አጎቴ ጮኸ። ባለወፍጮው ድንጋዩን አነሳ። አጎቴ ሮጦ ጎኔ ገባና በሩን በገመዱ አሰረ፤ በእሱ ዕድሜ ሮጠ ስል ለሁለት አካፍሉት።

ባልቴቷ ተንቀሳቀሰች። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። ሳለች። ዝም አለች። ደግማ ሳለች። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ የአጎቴ ዓይኖች እንባ ሞሉ፤ «አላልኩህም! አላልኩህም!» እያለ ጉልበቴን ይደበድበኛል። ዝግ የመሰሉኝ በሮች አንዳንዶቹ ተከፈቱ። ሰዎች ወጡ። እጄን አውለበለብኩላቸው፤ ማንም አላውለበለበልኝም። እኛን ሳይሆን ከራሴ በላይ የተሰቀለውን የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

ሜዳው ላይ ስንደርስ የሾፌሩን ሚስት አየኋት።

ከዚያው ከድሮ ቤቷ ነው የወጣችው፤ ነጠላ የለ፣ ጫማ የለ፣ ማማሰያ በእጇ። ወጡ ከማማሰያው ይንጠባጠባል። በእኔ በኩል ከጎማው ጎን ጎን እየሮጠች ሽቅብ ታያለች፤ ፀሐዩ የፊት መስታወቱ ላይ ስለነበር ፊቴ አልታያትም፤ ከፊቴ በላይ ባርኔጣው ተሰቅሏል። ፍጥነት ቀነስኩ። እጀታውን ይዛ ተንጠላጠለችና ፊቷን በተከፈተው መስኮት አስገባች።

በዚህ ፊቴ ብዙ ተሰድቤበታለሁ። አይቶት ያን ያህል ነገር ያጣ ሰው ግን አላውቅም።

«ዱፌ?» አለች። መጣ ወይ? ማለቷ ነው። እኔን አልፋ አጎቴን ነበር የምትጠይቀው።

ሞተሩ ያጓራል። አጎቴ አፉን ከፈተ፤ የሚለው አልተሰማም። ጮክ ብሎ ሊነገር የሚችል ነገር አልነበረም። እጁ በጉልበቴ ላይ አልፎ ወደ ማጥፊያው ሽቦ ሄደ።

«ጋሼ፣ ሜዳ ላይ ነን» አልኩት። «አትነሳም!»

«አውቃለሁ» አለና ሳበው።

ሞተሩ ጠፋ፤ እሷም እጀታውን ለቃ ወረደች። የእሱን በር የሚያስረውን ገመድ መፍታት ስላቃተው አጎቴ በእኔ ላይ ተሻግሮ ወጣ። ወርዶ ፊቷ ቆመ።

«ልጄ፣ እሱ አልመጣም። እኛ ነን።»

«መንገዱ ተከፈተ ሲባል ገጠር ሆኜ አልሰማትም ብዬ ትናንት ማታ ተመለስኩ፣ አባኮ» አለች፤ አባቴ ማለት ነው። «ከዚህ ከሆንኩ እሰማታለሁ አልኩ። ሰማኋት ደግሞ።»

አጎቴ እጇን ይዞ ቤቷ ገባ። የጣደችው ድስት ነበር። በላን። ያን ቀን እኔ ሳልናገር የበላሁበት ብቸኛው ቀን ነው፤ እናቴም ብትሆን አታምነኝም።

ለመሄድ ስንነሳ ባለወፍጮው ከላይ ወርዶ ገመድና የሚጎትት መኪና ሳምንት ላይ ይገኛል አለ። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ።

«ደጄ ላቁማት ብዬ ነበር የመጣሁት። ደጅ ላይ ቆማለች» አለ። «ከእንግዲህ አትነሳም። ይህች ልጅ ሁለተኛ እንድትሮጥ አላደርግም።»

ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን በመስኮት ወደ ኋላ ዞርኩ። የሾፌሩ ሚስት ቁልቁለቱን ወጥታ ያን የታኮ ድንጋይ በሁለት እጇ አቅፋ እየተመለሰች ነበር። ሜዳ ላይ ለቆመች መኪና ታኮ ምን ያደርጋል? ልል ነበር፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ተንበርክካ ከጎማው ሥር አስገባችው፤ መያዙን በእግሯ ገፋ አድርጋ አየች።

አጎቴ ወደ ኋላ አልዞረም። ነቀምቴ እስክንገባ ከባድ መኪና ባለፈን ቁጥር ጆሮውን በመዳፉ ይከድን ነበር።